ቲኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት፦ ካሊፎርኒያ ላይ በፖይንት የተፈተነ ሾፌር ምክር

ካሊፎርኒያ ውስጥ የትራፊክ ቅጣት ቲኬት የተቆረጠበት ሐበሻ ከወዳጆቹ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ክፈልና ተገላገል»። እኔም ይህንኑ ሰምቼ፣ ይህንኑ አድርጌ፣ መንጃ ፈቃዴ ሊታገድ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። የምጽፈው በተለይ በመኪናችሁ እንጀራ ለምትበሉ ነው፤ በአፕ ሰው ለምታመላልሱ፣ ምግብ ለምታደርሱ፣ ከኤርፖርት ደንበኛ ለምታነሱ። ሥራችሁ ሌላ የሆነም ኢንሹራንስ መክፈላችሁ አይቀርምና ነገሩ ይመለከታችኋል።

የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ለዓመታት ነድቻለሁ፤ ስለ ቅጣት የማውቀውም እዚያ የለመድኩትን ነው። ትራፊክ ያስቆምሃል፣ መንጃ ፈቃድህን ይይዛል፣ ቅጣትህን ከፍለህ መንጃ ፈቃድህን ትረከባለህ፤ አለቀ። በአገራችን ደንብም የጥፋት ነጥብ የሚባል ነገር አለ፤ እኔ በነዳሁበት ዘመን ግን «ነጥቤ ስንት ደረሰ?» ብሎ የሚጨነቅ ሾፌር አላጋጠመኝም። ይህን ልማድ ነው በሻንጣዬ ይዤ የመጣሁት።

የመጀመሪያው ቲኬት የደረሰኝ ጃንዋሪ ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሰፈር ውስጥ ነው። ስቶፕ ሳይን (የ«ቁም» ምልክት) ጋ ስደርስ ፍጥነት ቀነስኩ፣ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ማንም የለም፤ ጎማው ጨርሶ ሳይቆም አለፍኩ። ፖሊሱ ወረቀቱን ዘርግቶ «ፈርም» ሲለኝ አመነታሁ፤ መፈረም ጥፋትን ማመን መስሎኝ ነበር። አይደለም። ፊርማው «በተጻፈው ቀን ጉዳዬን እጨርሳለሁ ወይም እቀርባለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው። አልፈርምም ማለት ግን ሊያሳስር ይችላል። ፈርሙ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ በሰላም ሂዱ። ክርክር ካላችሁ ቦታው መንገድ ዳር አይደለም።

ቅጣቱ 238 ዶላር ገደማ ነበር። የሕጉ መነሻ ቅጣት 35 ዶላር ብቻ መሆኑን በኋላ ስሰማ ተናደድኩ፤ የቀረው የስቴቱና የካውንቲው ጭማሪ እየተደራረበ የሚመጣ ነው። ያኔ ግን ምንም ሳላጣራ አንድ ማታ ስልኬን አውጥቼ ከፈልኩና «ተመስገን» ብዬ ተኛሁ።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የትራፊክ ቲኬትን ዝም ብሎ መክፈል «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ዳኛ ፊት እንደማመን ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ውሳኔውን መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪ፣ ያስተላልፋል፤ ዲኤምቪ ደግሞ የመንጃ ሪከርዳችሁ ላይ ፖይንት (የጥፋት ነጥብ) ያስቀምጣል። ፍጥነት፣ ቀይ መብራት፣ ስቶፕ ሳይን፣ አደገኛ የሌን አቀያየር አንድ አንድ ፖይንት ናቸው። እናንተ ጥፋተኛ የሆናችሁበት ግጭትም አንድ ፖይንት ነው። ጠጥቶ መንዳት፣ ሰው ወይም መኪና ገጭቶ መሸሽ፣ በታገደ መንጃ ፈቃድ መንዳት፣ ከ100 ማይል በላይ መብረር ሁለት ሁለት ናቸው። አንድ ፖይንት የሚያስይዘው ተራ ጥፋት ሪከርድ ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ይቆያል፤ ጠጥቶ መንዳት 10 ዓመት። 238 ዶላሩ በአንድ ሌሊት ተረሳ፤ ፖይንቱ ግን ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ሁለተኛው ጁን ላይ መጣ። 405 ፍሪዌይ ላይ፣ ሌሊት፣ የፍጥነት ወሰኑ 65 ማይል በሆነ መንገድ 82 ስነዳ ተያዝኩ። በዚያው ሰሞን ቤት ቀይሬ ነበር። አድራሻ የለወጠ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ማሳወቅ እንዳለበት አላውቅም ነበር፤ ለፖሊሱም የሰጠሁት መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለውን የድሮ አድራሻ ነው። ፍርድ ቤቱ ምን ያህል እንደሚከፈልና ምን ምን ምርጫ እንዳለ የሚዘረዝር ደብዳቤ ይልካል፤ የእኔ ወደ አሮጌው አፓርትመንት ሄዶ እዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ «ደብዳቤ ሳይመጣ ምን እከፍላለሁ?» ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤው መጣም አልመጣም ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ቀን ነው። ያ ቀን ካለፈ ፍርድ ቤቱ እስከ 100 ዶላር ሊጨምርባችሁ ይችላል፤ አለመቅረብም ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ሊያስከስስ ይችላል።

በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄጄ መስኮቱ ጋ ተሰለፍኩ። ሠራተኛዋ ደግ ነበረች። ቀኑ ስላለፈ አንዳንድ ምርጫዎች እንደተዘጉብኝ፣ ከፈለግሁ ግን ዳኛ ፊት ቀርቤ መጠየቅ እንደምችል ነገረችኝ፤ በመሃል «ትራፊክ ስኩል» የሚል ቃል ሰማሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የሰዓቱ ሥራ እያመለጠኝ ነበር፣ ከኋላዬም ሰልፉ ረጅም ነው። ከነጭማሪው ከፍዬ ወጣሁ። እዚያ መስኮት ላይ አምስት ደቂቃ ብቆም ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ምናልባት ባልደረሰ ነበር።

ኦክቶበር ላይ ከዲኤምቪ ደብዳቤ ደረሰኝ (በዚህ ጊዜ አድራሻዬን አስተካክያለሁ)። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፖይንት በመያዜ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር። መሰላሉ እንዲህ ነው፦ በ12 ወር ውስጥ 2 ፖይንት ማስጠንቀቂያ፣ 3 ፖይንት «ልናግድህ ነው» የሚል ደብዳቤ፣ 4 ፖይንት የስድስት ወር እገዳና የአንድ ዓመት የክትትል ጊዜ። በ24 ወር ውስጥ ከሆነ እገዳ የሚያመጣው 6 ፖይንት ነው፣ በ36 ወር ውስጥ 8። የሚቆጠረው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው እንጂ ከተከፈለበት ቀን አይደለም፤ ክፍያ በማዘግየት ፖይንቱን ወደ ሚቀጥለው ዓመት መግፋት አይቻልም። የእገዳ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ችሎት የመጠየቅ መብት አለው፤ በፖስታ የተላከለት ከሆነ ግን 14 ቀን ብቻ ነው ያለው። ከዲኤምቪ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት አያድር።

ከደብዳቤው የባሰው ኢንሹራንሱ ሆነ። እዚህ ስቴት በሕግ የተደነገገ የጥሩ ሾፌር ቅናሽ አለ፤ ቢያንስ 20 በመቶ ነው፤ ለማግኘት ከሌሎች መስፈርቶች ጋር በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ፖይንት በላይ አለመያዝ ያስፈልጋል። አንድ ፖይንት ሳለኝ ቅናሹ ነበረኝ። ሁለተኛው ሲገባ ሄደ። ውሉ ሲታደስ የመጣው ሂሳብ በአንድ ዓመት ብቻ ከሁለቱ ቲኬቶች ድምር በለጠ፤ እሱም የሚቆየው ፖይንቱ እስኪወርድ ነው። ለአፕ ኩባንያዎች የምትሠሩ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሪከርዳችንን ስንጀምር ብቻ ሳይሆን ከጀመርንም በኋላ እየመረመሩ ነው የሚያሠሩን። ፖይንት ሲበዛ አንድ ጠዋት አፑን ስትከፍቱት አይከፈትም።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ፣ ዲሴምበር መግቢያ ላይ፣ ሦስተኛው ተጨመረ። ቀይ መብራት። ወደ ግራ ልታጠፍ መስቀለኛው ውስጥ ሳልገባ ቢጫው አለቀ፣ እኔ ግን ገባሁ። የቀይ መብራት ቅጣት ወደ 490 ዶላር ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። የጃንዋሪው ቲኬት ገና ዓመት አልሞላውም፤ ይህ ከገባ ሦስት ፖይንት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ትንሽ ግጭት እንኳ ብትመጣ ስድስት ወር ያለ ሥራ።

በዚያው ሳምንት ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ቡና ልጠጣ ገብቼ ሊሞዚን ሲነዱ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። አጫወትኳቸው።

«ልጄ፣ ትራፊክ ስኩል ጠይቀሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱ ገና መንዳት ለሚማር ልጅ አይደለም እንዴ?»

ሳቁብኝ። «እኔ በዚህ አገር ስንቴ እንደገባሁ አልነግርህም። ለመሆኑ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልተጠቀምክበትም?»

አልተጠቀምኩም ነበር። ሁለቱን ቲኬቶች በባዶ ከፍዬ፣ መድኃኒቱ ግን ሳይነካ እጄ ላይ ነበር።

እሳቸው የነገሩኝን ኋላ በራሴ አጣርቼ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። አንድ ፖይንት የሚያስይዝ ተራ የመንገድ ጥፋት ሲሆን፣ የጸና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ፍርድ ቤቱን ትራፊክ ስኩል እንዲፈቅድለት መጠየቅ ይችላል። ኮርሱን በጊዜው ከጨረሰ ጥፋቱ ሪከርዱ ላይ ይሸፈናል፤ ፖይንት አይቆጠርበትም፤ ኢንሹራንሱም አያየውም። ይህ ዕድል የሚገኘው በ18 ወር አንዴ ነው፤ 18 ወሩም ከጥፋት ቀን እስከ ጥፋት ቀን ይቆጠራል። ከፍጥነት ወሰኑ ከ25 ማይል በላይ አልፎ የተያዘ አይፈቀድለትም፤ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ጉዳይም እንዲሁ። የኔ ስቶፕ ሳይንም ሆነ የ405ቱ 82 ማይል ሁለቱም ይፈቀድላቸው የነበሩ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን መሸፈን እችል ነበር።

«ይሸፈናል» ያልኩት አስቤበት ነው። አንዳንድ የድሮ ሰዎች «ትራፊክ ስኩል ከሄድክ ቲኬቱ ይሰረዛል» ይላሉ። ቀድሞ እንዲያ ነበር። ከጁላይ 2011 ወዲህ ግን ጥፋቱ ጥፋት ሆኖ ይቀራል፤ ከሕዝብና ከኢንሹራንስ ዓይን ይሰወራል እንጂ ፍርድ ቤትና ዲኤምቪ ያዩታል። በ18 ወሩ ውስጥ ሌላ ቲኬት ከመጣ ያ ሁለተኛው ያለ መሸፈኛ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሸሸው በገንዘቡ ምክንያት ነው፤ እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ እይታ ነገሩ ያናድዳል። ትራፊክ ስኩል ስለገባችሁ ቅጣቱ አይቀንስም። 490ውን ሙሉ ከፈልኩ፣ በላዩ ለፍርድ ቤቱ የማስፈቀጃ ወደ 60 ዶላር ጨመርኩ (ይህ በየካውንቲው ይለያያል)፣ ለትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ 20 ገደማ። ጓደኛዬ «ለምን ተጨማሪ ትከፍላለህ፣ ዝም ብለህ አትከፍልም?» አለኝ። 80 ዶላር ቆጥቤ የሦስት ዓመት የኢንሹራንስ ጭማሪ ልሸከም? ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየሁት፤ ዝም አለ።

መከራከርንም አስቤ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ችሎት ሳይቀርቡ በጽሑፍ መከራከር ይቻላል፤ ቲአር-205 የሚባል ቅጽ ተሞልቶ፣ የቅጣቱ ገንዘብ አስቀድሞ ተይዞ ይላካል፤ ፖሊሱም የራሱን በጽሑፍ ይልካል። ካሸነፋችሁ ገንዘቡ ይመለሳል። ከተሸነፋችሁ በ20 ቀን ውስጥ አዲስ ችሎት መጠየቅ ትችላላችሁ። ማስረጃ ላለው ሰው ጥሩ መንገድ ነው፤ የመኪና ካሜራ ያለው፣ ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኖ ፎቶ ያነሳ። እኔ ግን መብራቱ ቀይ እንደነበር አውቃለሁ፤ የሚሸጥ ክርክር አልነበረኝም። ሌላም ያሰጋኝ ነገር ነበር፤ ተከራክሮ ለተሸነፈ ሰው ትራፊክ ስኩል መፍቀድ የዳኛው ፈንታ ነው። ከመከራከር በፊት ግን በቀላሉ ጠይቆ የሚገኝ ነገር ነው። ሁለት ፖይንት ተሸክሜ በዚያ አልቆመርም አልኩ።

አሠራሩ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ። አንዲት የማውቃት ልጅ ከፍርድ ቤቱ ሳታስፈቅድ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ኮርስ ጨርሳ ቁጭ አለች፤ ፖይንቱ አልቀረላትም። ቲኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም በመስኮት ትራፊክ ስኩል እንደምትመርጡ ግለጹ፣ ክፈሉ፣ ኮርሱን የምትጨርሱበትን ቀነ ገደብ ጻፉ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ምረጡ፤ ዲኤምቪ ፈቃድ የሰጣቸውን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አውጥቷል፤ እዚያ ስሙ ከሌለ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። እኔ በኢንተርኔት ነው የተማርኩት፤ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ እየከፋፈልኩ አነበብኩት። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፤ ግን የመጨረሻ ፈተና አለውና እያለፋችሁ አትጫኑት። ስትጨርሱ ትምህርት ቤቱ ራሱ በኮምፒውተር ያስተላልፋል፤ እናንተ ወረቀት ይዛችሁ መሮጥ የለባችሁም። ቢሆንም ማመን ደግ ነው፣ ማጣራት ይሻላል፤ ከሳምንታት በኋላ ዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ 2 ዶላር ከፍዬ ሪከርዴን አወጣሁ። ቀይ መብራቱ አልነበረም። ሁለቱ አሮጌዎች ነበሩ።

ከኮርሱ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ አብዛኛውን አውቀዋለሁ። ሁለት ነገር ግን አነዳዴን ለወጠው። አንዱ፣ ስቶፕ ማለት ጎማው ከነጩ መስመር በፊት ጨርሶ መቆም እንደሆነ፤ በቀይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍም ያው ነው። ሌላው፣ የተጻፈው ፍጥነት ጣሪያ እንጂ መብት አለመሆኑ። ዝናብ ወይም ጭጋግ ካለ በ65 መንገድ 60 እየነዱም ቲኬት ሊቆረጥ ይችላል።

ስለ ስልክ ደግሞ ልጨምር። አፕ የምንነዳ ሰዎች ስልክ መንካት ልማዳችን ነው። በእጅ ስልክ ይዞ መንዳት የመጀመሪያው ፖይንት የለውም፤ ከጁላይ 2021 ወዲህ ግን በ36 ወር ውስጥ ከተደገመ ፖይንት አለው። ስልኩን ማቆሚያ ላይ ስቀሉት፣ በአንድ ጣት ነክታችሁ ተዉት።

ሴሚ (ከባድ የጭነት መኪና) ለምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ነገሩ ይለያል፤ በእኔ ልክ አትለኩት። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በከባድ መኪናው ላይ ሳለ ከተቀጣ ትራፊክ ስኩል የለም፤ ፖይንቱም አንድ ተኩል ሆኖ ይቆጠራል። በግል መኪናው ከሆነ ኮርሱን ሊወስድ ይችላል፣ ፖይንቱም አይቆጠርበትም፤ ጥፋቱ ግን አይሸፈንም፤ አሠሪውም ኢንሹራንሱም ያየዋል። ለእናንተ ለአንዲት ቲኬት እንኳ ጠበቃ ማማከር ያዋጣል።

ሌላ ስቴት ያላችሁም የካሊፎርኒያን ሕግ ይዛችሁ አትሂዱ። ቴክሳስ ውስጥ ኮርሱን በጊዜው የጨረሰ ሰው ክሱ ራሱ ይሰረዝለታል፤ በ12 ወር አንዴ ነው። ቨርጂንያ ደግሞ የስምንት ሰዓት ክሊኒክ በፈቃዱ የወሰደ ሰው አምስት የጥሩ ነጥብ ይጨመርለታል። እዚያ የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ከወሰኑ 20 ማይል ማለፍ ወይም ከ85 በላይ መንዳት በግዴለሽነት መንዳት ተብሎ እንደ ወንጀል ይቆጠራል። «ቲኬት ነው» ብላችሁ ችሎት ሳትቀርቡ እንዳትቀሩ።

ለመክፈል አቅም ያነሳችሁ ካላችሁ ዝም ብላችሁ ቀኑን አታሳልፉ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ገቢን አይተው ቅጣት የሚቀንሱበት፣ በየወሩ እንዲከፈል የሚፈቅዱበት ወይም በማኅበረሰብ አገልግሎት የሚተኩበት አሠራር አላቸው፤ ማይሳይቴሽንስ በሚባለው ድረ ገጽ ከቤት ሆኖ ማመልከት ይቻላል። ችሎት የምትቀርቡ ከሆነም አስተርጓሚ በነፃ ነው፤ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ። ግን ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ በየቀኑ ችሎት ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅምና፣ ካልጠየቃችሁ ቀጠሮው ይተላለፋል፣ የዚያ ቀን ሥራም እንዲሁ ይባክናል።